ባለ አምስት ዘንግ ሲኤንሲ ማሽን ልኬት ሲስት፦ ከምልክቱ ተነስቶ ምክንያቱን ማግኘት

በባለ ሦስት ዘንግ ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚፈለፍል ማሽን) ለዓመታት የሠራ ባለሙያ፣ በኮምፒውተር ወደሚመራና ከሦስቱ ቀጥተኛ እንቅስቃሴዎች ሌላ ሁለት መዞሪያዎች ወዳሉት ባለ አምስት ዘንግ ሲኤንሲ ማሽን ሲሻገር አንድ ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ቁራጩ በ0.02 ሚሊሜትር ከሳተ የሥራውን ኦፍሴት (የቁራጩን መነሻ ነጥብ ለማሽኑ የሚነግረውን ቁጥር) ወይም የመቁረጫውን ራዲየስ በዚያው መጠን አርሞ ይቀጥላል። በሦስት ዘንግ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ጠረጴዛው በሚዞርበትና በሚያጋድልበት ማሽን ላይ ግን ያው እርማት አንዱን ፊት አስተካክሎ ሌላውን ያበላሻል፤ ከዚያም የከፋው እውነተኛውን ምክንያት መሸፈኑ ነው። ስለዚህ ኦፍሴት ከመነካቱ በፊት ስህተቱ ምንን ተከትሎ እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ሲዞር ከመጣ የማሽኑ ጂኦሜትሪ፣ ሰዓት ሲገፋ ከመጣ ሙቀት፣ በመቁረጫው ጫፍ ዙሪያ ብቻ ከታየ የአቆራረጡ ሁኔታ፣ ቁራጩ ከማሰሪያው ሲፈታ ከመጣ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ራሱ ይመረመራል።

ለማስረጃነት የምጠቅሰው 7075 ከተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ የሚፈለፈል፣ ዲያሜትሩ 250 ሚሊሜትር የሆነ የኮምፕሬሰር ኢምፔለር (አየር የሚገፋ ባለ ክንፍ ጎማ) ነው። ማሽኑ ጠረጴዛው በኤ ዘንግ የሚያጋድልና በሲ ዘንግ የሚዞር ነው። ኢምፔለርን የመረጥሁት ስስና ጠማማ ክንፎቹ፣ ጥልቅና ጠባብ መተላለፊያዎቹ በዚህ ሥራ የሚያጋጥሙትን ችግሮች ከሞላ ጎደል በአንድ ቁራጭ ላይ ስለሚያሰባስቡ ነው።

ጠረጴዛው ከዞረ በኋላ በተቆረጡ ፊቶች መካከል ደረጃ ይታያል

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም፣ ከሁሉም በላይም በተሳሳተ መንገድ የሚታረም ችግር ነው። የመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ጠረጴዛው በየትኛው ነጥብ ዙሪያ እንደሚዞር የሚያውቀው በውስጡ ከተመዘገበ ቁጥር ነው። እውነተኛው የመዞሪያ ማዕከል ከተመዘገበው በ0.01 ሚሊሜትር ከራቀ፣ ሲ ዘንግ 90 ዲግሪ ሲዞር ቁራጩ ከታሰበለት ቦታ በ0.014 ሚሊሜትር ያህል፣ 180 ዲግሪ ሲዞር ደግሞ በ0.02 ሚሊሜትር ይስታል። ጠረጴዛው ወደ ዜሮ ሲመለስ ስህተቱ ይጠፋል፤ በዜሮ ቦታ ብቻ የሚለካ ሰው ማሽኑ ጤነኛ ነው ብሎ የሚደመድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ የአሉሚኒየም ጉማጅ ጠረጴዛው ላይ ይታሰር፤ የአንዱን ጎን ግማሽ ሲ ዘንግ በዜሮ ላይ እያለ፣ የዚያኑ ጎን ቀሪ ግማሽ ሲ ዘንግ 180 ዲግሪ ዞሮ በተቃራኒው በኩል በዚያው መቁረጫ ይቆረጥ። በሁለቱ ግማሾች መካከል ያለው ደረጃ በዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ተለክቶ ለሁለት ሲካፈል በዚያ አቅጣጫ ያለውን የማዕከል ስህተት ይሰጣል። የመቁረጫው ራዲየስ ስህተት ቢኖርበት እንኳ ሁለቱንም ግማሾች እኩል ስለሚነካ ውጤቱን አያዛባም፤ ይህን ፈተና የምወደውም ለዚህ ነው። ለኤክስ አንድ ጊዜ፣ ለዋይ አንድ ጊዜ ይሠራል። ፕሮብ (ቁራጩን ነክቶ ቦታውን የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ትክክለኛ ክብ ኳስ አስሮ፣ ኤ እና ሲ ዘንጎችን በተለያየ ማዕዘን እያቆመ የኳሱን ማዕከል በመለካት የሁለቱንም ዘንጎች ማዕከል በአንድ ጊዜ ያገኛል። እርማቱ የሚገባው በማሽኑ የኪኒማቲክስ ሰንጠረዥ (የዘንጎቹ ማዕከል በተመዘገበበት ክፍል) ውስጥ እንጂ በሥራው ኦፍሴት ውስጥ አይደለም። የቀድሞው ቁጥር ከመለወጡ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ።

ደረጃው በፊቱ ላይ ሁሉ እኩል ካልሆነና ከመዞሪያው ማዕከል በራቀ መጠን እየሰፋ ከሄደ ግን ችግሩ የቦታ ሳይሆን የማዕዘን ነው። የኤ ዘንግ ዜሮ በ10 ሰከንድ ማዕዘን (አንዱ ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ብቻ ከተዛነፈ ከማዕከሉ 200 ሚሊሜትር ርቆ ወደ 0.01 ሚሊሜትር የሚጠጋ ስህተት ያመጣል። በዚህ ጊዜ ኢንዲኬተር በጠረጴዛው ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር ተጎትቶ የኤ ዘንግ ዜሮ እንደገና ይያዛል፤ የማዕከሉ ልኬት የሚወሰደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የማዕዘኑ ስህተት የማዕከሉን ቁጥር ይበክለዋል።

ጠረጴዛው በአንድ ማዕዘን ቆሞ በሚቆረጥበት ሥራ ላይ ደረጃው የሚመጣው ከባድ ቆረጣ ሲኖር ብቻ ከሆነ የዘንጉ ፍሬን ይፈተሽ። ፍሬኑ እንዲይዝ የሚያዘው ኮድ በፕሮግራሙ ውስጥ አለመኖሩ ወይም የአየርም ሆነ የዘይት ግፊቱ ማነሱ የተለመደ ነው።

ጠዋት የወጣው ቁራጭ ከሰዓት ከወጣው ጋር አይስማማም

ፕሮግራሙም መቁረጫውም ሳይለወጥ ልኬቱ ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሸሸ ሙቀት ነው። ዓለም አቀፉ የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ በአንድ ሜትር 23 ማይክሮን (0.023 ሚሊሜትር) ያህል ይለጠጣል፤ ስለዚህ የእኛ 250 ሚሊሜትር ኢምፔለር በ28 ዲግሪ ላይ ሆኖ በትክክል ቢቆረጥ፣ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ዲያሜትሩ በ0.046 ሚሊሜትር ያህል ያንሳል። የብረት ማይክሮሜትሩም አብሮ ከሞቀ ልዩነቱን በግማሽ ያህል ይደብቀዋል፤ ብረት የሚለጠጠው የአሉሚኒየምን ግማሽ ያህል ነውና። ስህተቱ ማሽኑ አጠገብ ሳይታይ ቀርቶ በልኬት ክፍሉ ውስጥ የሚገለጠው ለዚህ ነው። ቁራጩ የመጨረሻው ቆረጣ ከመጀመሩ በፊት ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ድረስ ይጠበቅ፤ የኩላንቱም (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ሙቀት ይታወቅ።

መቁረጫውን ይዞ የሚሽከረከረው ስፒንድልም ራሱ ሲሞቅ በዜድ አቅጣጫ፣ ማለትም በቁመቱ፣ ይረዝማል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነቱን በየደረጃው እየጨመሩ ስፒንድሉንና አምስቱንም ዘንጎች ማንቀሳቀስ፣ የመቁረጫውን ርዝመትም ከዚህ በኋላ መለካት ይህን ስህተት በእጅጉ ይቀንሰዋል። የመዞሪያ ማዕከሉ ልኬትም በቀዝቃዛ ማሽን ላይ ከተወሰደ በሞቀ ማሽን ላይ አይሠራም።

በአዲስ አበባ ለሚሠሩ ሁለት ነገሮች ልጨምር። በበጋ ወራት የሌሊቱና የቀኑ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ስለሚለያይ፣ ሙቀቱ ቁጥጥር በማይደረግበት ወርክሾፕ ውስጥ ጠዋት የተያዘ ዜሮ እስከ ማታ አይታመንም። ሁለተኛው ከፍታው ነው። የማሽን የኤሌክትሪክ ክፍሎች ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚነሣው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ በትክክል እንዲሠሩ ከመጠየቅ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ድራይቮችን (ሞተሮቹን የሚያንቀሳቅሱትን የኤሌክትሪክ ክፍሎች) እና ሞተሮችን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ረጅም የሻካራ (ብዙ ብረት የሚያነሳ የመጀመሪያ) ቆረጣ ላይ የሙቀት ማስጠንቀቂያ የሚደጋገም ከሆነ ድራይቩ ተበላሽቷል ከማለት በፊት የካቢኔው ማጣሪያና ማራገቢያ ይጽዳ፤ ማሽን የሚገዛም ሰው የሚተከልበትን ከፍታ ለአምራቹ በጽሑፍ ያሳውቅ።

ጠፍጣፋ በሆነው ቦታ ላይ የተፈገፈገና የደበዘዘ ገጽ ይወጣል

ኳስ ጫፍ ያለው መቁረጫ በቁመቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ትክክለኛ ጫፉ ላይ የመቁረጥ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ አይቆርጥም፣ ይፈገፍጋል። 10 ሚሊሜትር ኳስ በ0.2 ሚሊሜትር ጥልቀት ቀጥ ብሎ ሲሠራ ብረቱን የሚነካው ትልቁ ዲያሜትር 2.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በ12,000 ዙር በደቂቃ ይህ ወደ 105 ሜትር በደቂቃ ይሆናል። መቁረጫው 15 ዲግሪ ሲያጋድል ዲያሜትሩ ወደ 5.2 ሚሊሜትር፣ ፍጥነቱም ወደ 196 ያድጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞተው ጫፍ ከብረቱ ይርቃል። ብዙዎች ገጹ ሲበላሽ ፊዱን (መቁረጫው ወደፊት የሚሄድበትን ፍጥነት) ይቀንሳሉ፤ ፍገፋው ስለሚረዝም ገጹ ይባስ ይበላሻል። መፍትሄው ማጋደል ነው።

በክንፉ ላይ አንድ መስመር ወይም ጉድጓድ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይደገማል

ማሽኑ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሲ ዘንግ በድንገት በፍጥነት ሲሽከረከር ከታየ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመቁረጫው አቅጣጫ ከሲ ዘንግ ጋር ሊገጥም ሲቃረብ፣ ማለትም ኤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ ትንሽ የአቅጣጫ ለውጥ ሲ ዘንግን እስከ 180 ዲግሪ ሊያዞር ይችላል። ዘንጉ ዞሮ እስኪደርስ ሌሎቹ ዘንጎች ይዘገያሉ፣ መቁረጫው በአንድ ቦታ ላይ ይቆያል፣ ምልክትም ይተዋል። በማሽኑ ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ይህን አያድነውም። በካም ሶፍትዌሩ (የመቁረጫውን መንገድ በሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ውስጥ የመቁረጫው የማጋደል ማዕዘን በጥቂት ዲግሪ ተለውጦ መንገዱ ከዚያ ነጥብ እንዲርቅ ይደረጋል፤ ካልተቻለም ቁራጩ ራሱ በተዘመመ ማሰሪያ ላይ ይታሰራል።

ሲ ዘንግ ሳይሽከረከር ፊዱ ብቻ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ የመቁረጫውን ጫፍ የሚከተለው ተግባር መብራቱ ይረጋገጥ፤ በፋኑክ ጂ 43.4፣ በሲመንስ ትራኦሪ፣ በሃይደንሃይን ኤም 128 ይባላል። ገጹ በመቁረጫው ዘንግ አቅጣጫ እኩል ጠልቆ የተቆረጠ ከሆነም የመቁረጫው ርዝመት እስከ ኳሱ ማዕከል ተለክቶ ፕሮግራሙ ግን እስከ ጫፉ የሚጠብቅ መሆን አለመሆኑ ይታይ፤ ልዩነቱ ልክ የኳሱን ራዲየስ ያህል ነው።

ክንፉ ጫፉ ላይ ይወፍራል፣ የንዝረት ምልክትም አለው

ስስ ክንፍ በመቁረጫው ሲገፋ ይሸሻል፤ መቁረጫው ሲያልፍ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሳይቆረጥ የቀረ ብረት ይተርፋል። መቁረጫውም ራሱ ይታጠፋል፤ መታጠፉ የሚያድገው በርዝመቱ ኩብ ልክ ነው፤ ከሆልደሩ (ከመቁረጫው መያዣ) 80 ሚሊሜትር የወጣ መቁረጫ ወደ 40 ቢያጥር ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። የአምስት ዘንግ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል ብዬ አምናለሁ፤ ጠረጴዛው ሲያጋድል ሆልደሩ ከግድግዳው ስለሚርቅ አጭር መቁረጫ ወደ ጥልቁ ይደርሳል። በረጅም መቁረጫ የሚሠራ የአምስት ዘንግ ፕሮግራም እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። ክንፉም ከጫፉ ወደ ሥሩ በጠባብ ደረጃዎች፣ በየደረጃውም ሁለቱም ጎኖች እየተፈራረቁ ይጠናቀቁ፤ ከታች ያለው ወፍራም ብረት ከላይ ያለውን ደግፎ ይይዘዋል።

ማሽኑ ላይ ትክክል የነበረው ቁራጭ ሲፈታ ይጣመማል

በጥሬ ዕቃው ውስጥ ታምቆ የነበረ ውጥረት ነው። ከ7075 አሉሚኒየም ቲ651 የተባለው በፋብሪካ ተወጥሮ ውጥረቱ የተቀነሰለት ስለሆነ ከቲ6 ይሻላል። ሻካራው ቆረጣ ካለቀ በኋላ ማሰሪያውን ፈትቶ ቁራጩ እንደፈለገ እንዲጣመም መተው፣ ከዚያም ሳያስጨንቁ በቀላል ኃይል መልሶ አስሮ መጨረስ ነው መፍትሄው።

ከግጭት በኋላ

መቁረጫው ወይም ስፒንድሉ ከቁራጩ ጋር ከተጋጨ ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ተደባልቀው ሊመጡ ስለሚችሉ ምልክቱን መከተል አይበቃም። መጀመሪያ በስፒንድሉ ውስጥ የፍተሻ ዘንግ አስገብቶ ዞሮ መወላገዱን መለካት፣ ቀጥሎ ስፒንድሉ ከጠረጴዛው ጋር ያለውን ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ ከዚያ የኤ ዘንግን ዜሮ፣ በመጨረሻም የሁለቱን ዘንጎች ማዕከል መለካት ያስፈልጋል። ስፒንድሉ ተወላግዶ ከተገኘ ቀሪዎቹ ልኬቶች አይወሰዱ፤ ስፒንድሉ ተጠግኖ እስኪመለስ ድረስ የሚገኘው ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ነው።