የዳይቪንግ ዕቃ ከኦንላይን ይሻላል ወይስ ከኤላት ሱቅ?

ኦፕን ወተሩን (የጀማሪ ጠላቂ ኮርሱን) ጨርሳችሁ የመጥለቂያ ካርዱ እጃችሁ በገባ ማግስት ስልካችሁ በዕቃ ማስታወቂያ ይጥለቀለቃል፣ ማስኩ፣ ፊኑ (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ)፣ ሬጉሌተሩ (ከታንኩ አየር ወደ አፍ የሚያቀብለው) ሁሉ በግማሽ ዋጋ። እኔ ካርዴን ባወጣሁ ሳምንት ሳይሞላኝ ነው ግማሹን ዕቃ በኦንላይን ያዘዝኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ደሞ ቀይ ባሕር፣ ኤላት ውሃ ውስጥ ሆኜ ነው የተረዳሁት። እዚህ እስራኤል ያላችሁ ጀማሪዎች እንደኔ ገንዘባችሁን እንዳትበትኑ ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቢያንስ አስር ዳይቭ በኪራይ ዕቃ ግቡ። በየጊዜው የተለያየ ብራንድ ስለሚሰጧችሁ በነፃ እየሞከራችሁ ነው ማለት ነው፣ የተመቻችሁን ከነሳይዙ ፎቶ አንሱት። የአየር ታንክና የወገብ እርሳስ (ወደ ታች የሚያሰምጠውን ክብደት) ጨርሶ አትግዙ፣ ክለቡ ጋ አለ። (በነገራችን ላይ እናቴ እስከዛሬ "ኦክስጅኑ ቢያልቅብህስ?" ትለኛለች፣ ታንኩ ውስጥ ያለው እኮ ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ታምቆ ገብቶ ነው እንጂ ኦክስጅኑ 21 ፐርሰንት ብቻ ነው።)

የራሳችሁ የሆነ የመጀመሪያ ዕቃ ማስክ ይሁን፣ እሱን ደሞ ሱቅ ሄዳችሁ ግዙ። ፊታችሁን ፎቶ አያውቀውም። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉት፣ በአፍንጫችሁ ትንሽ አየር ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ፣ ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው፣ ከተንሸራተተ ወይ ከአንድ ጎን አየር ከገባ የፈለገ ቢያምር መልሱት። ፂም ያላችሁ ሰዎች ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ቦታ በደንብ እዩት፣ ውሃ የሚገባው በዛ ነው። ዌትሱትና (ሙቀት የሚይዘው የመጥለቂያ ልብስ) ፊንም እንደዛው ነው። ኤላት ውሃው በክረምት ወደ 21 ዲግሪ፣ በበጋ ወደ 27 ስለሚሆን 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት ለአብዛኛው ጊዜ ይበቃል፣ ግን ወገባችሁ ጋ ክፍተት ካለው ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ እየወጣ ያንቀጠቅጣችኋል፣ የአንዱ ብራንድ ኤም ደሞ የሌላው ኤል ነው። ፊን ስትሞክሩ ቡትሱን አድርጋችሁ ሞክሩ፣ እኔ በባዶ እግሬ ቁጥር አይቼ አዝዤ አሁን የወንድሜ ልጅ ነው የሚዋኝበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሬጉሌተር። የኔ ከአንድ የውጭ ሳይት ነው የመጣው፣ ዋጋው ደስ ይል ነበር። ሶስተኛው ዳይቭ ላይ 18 ሜትር ገደማ ስንደርስ ዝም ብሎ አየር መልቀቅ ጀመረ፣ አልቆም አለ። እዛ ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው 2.8 እጥፍ ስለሆነ ታንኩ ሲጎድል በዓይን ይታያል፣ ከጓደኛዬ ጋር ቀስ ብለን ወጣን እና ምንም አልሆንንም። ችግሩ ከዛ በኋላ ነው የመጣው። ቴክኒሻኑ ሲያየው ብራንዱ መለዋወጫ የሚሰጠው ውክልና ላላቸው ብቻ ነው፣ እሱ የለውም፣ ሳይቱ ደሞ የብራንዱ ወኪል ስላልነበረ ዋራንቲው ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ። ወደ ውጭ የላክሁበትና ያሰራሁበት ሲደመር ከሱቁ ዋጋ በለጠ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት "ይሄን ብራንድ ሰርቪስ ታደርጋላችሁ? የመለዋወጫ ኪቱ አላችሁ?" ብላችሁ አዘውትራችሁ የምትጠልቁበትን ክለብ ጠይቁ፣ ሬጉሌተር እንደ ብራንዱ በዓመት ወይ በ2 ዓመት መፈታቱ አይቀርም። ስትገዙም ዲን የሚባለውን፣ ታንኩ ቫልቭ ውስጥ በጥርስ የሚጠመዘዘውን ዓይነት ውሰዱ፣ በአዳፕተር ዮክ (ቫልቩን ከውጭ አቅፎ የሚታሰረው ዓይነት) ታንክ ላይም ይገጠማል፣ ዮክ ከገዛችሁ ግን ዲን ብቻ የሚቀበል ቫልቭ ሲያጋጥማችሁ ቆማችሁ ማየት ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አያታልላችሁ። ከውጭ ለሚመጣው ፖስታ አለ፣ ከነፃው ገደብ ካለፈ 18 ፐርሰንት ማዓም (ተጨማሪ እሴት ታክስ) ይጨመራል፣ አንዳንዴ መኸስም (የጉምሩክ ቀረጥ) አለ፣ ገደቡ ስለሚቀያየር ከማዘዛችሁ በፊት እዩት። ኤላት ግን ከ1985 ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠና ስለሆነች እዛ ሱቅ ስትገዙ አብዛኛው ዕቃ ማዓም የለበትም፣ ቴል አቪቭ ያለውን ዋጋ አይታችሁ ኤላትን ውድ ናት አትበሉ። ይሄን ሁሉ ደምራችሁ ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ከሆነ ዋጋውን ለባለሱቁ አሳዩት፣ አያሳፍርም አትፈሩ፣ ወይ ይቀንሳል ወይ የመጀመሪያውን ሰርቪስ በነፃ ያደርግላችኋል። እኔ የማልወደው አንድ ነገር ሱቅ ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰውየውን ሲያስለፋ ቆይቶ፣ ሳይዙን ለክቶ፣ ወጥቶ በር ላይ በስልክ ማዘዝ ነው። ነውር ነው ባካችሁ፣ ነገ አየር የሚሞላላችሁ፣ 6 ወር ሳትጠልቁ ስትመጡ ሪፍረሽ ዳይቩን (የማስታወሻ ጥልቀቱን) ይዟችሁ የሚወርደው እሱ ነው።

ኦንላይን አትግዙ እያልኩ ግን አይደለም፣ እኔም እገዛለሁ። መቁረጫ፣ ፊሽካ፣ የዕቃ ቦርሳ፣ ሪልና (የገመድ መጠቅለያ) ወደ ላይ የሚለቀቀው ብርቱካናማ ባሉን፣ የማስክ ማሰሪያ፣ እነዚህ ከየትም ቢመጡ ያው ናቸው። ባትሪ መብራት ላይ ብቻ የተጻፈውን የሉመን (የብርሃን መጠን) ቁጥር አትመኑ። ዳይቭ ኮምፒውተርም (ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው) ይቻላል፣ ባትሪውን ራሳችሁ የምትቀይሩት ከሆነና ዋራንቲው እዚህ የሚሰራ ከሆነ።

ያገለገለ ሬጉሌተር ካገኛችሁ "አምስት ጊዜ ብቻ የተጠለቀበት" የሚለው ቃል አያማልላችሁ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጎማው ይደርቃል። የሰርቪስ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ የሰርቪሱን ዋጋ ከላይ ደምሩበት። የመጣው ከየትም ይሁን፣ ወደ ኤላት ከመንዳታችሁ በፊት ማታ ቤት ውስጥ የፈርስት ስቴጁን (የሬጉሌተሩ ታንክ ላይ የሚገጠመው ክፍል) ክዳን ጥብቅ አድርጋችሁ ገጥማችሁ ከአፍ መያዣው በኩል በአፋችሁ አየር ሳቡበት። ምንም መምጣት የለበትም። ትንሽም ቢሆን አየር ከመጣ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ ከቴል አቪቭ 350 ኪሎሜትር ነድቶ ውሃ ዳር ሆኖ ከማወቅ ሳሎን ቁጭ ብሎ ማወቅ ይሻላል፣ በነጋታው የኪራይ ትይዛላችሁ በቃ።