የወንዝ ሀገር በቀል ዓሦች ሲመናመኑ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ሀገር በቀል ዓሦች ከአንድ ወንዝ ወይም ጅረት ሲጠፉ፣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ በማራቢያ ጣቢያ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን አምጥቶ መጨመር ነው። የቀደሙትን ያጠፋው ምክንያት በቦታው እስካለ ድረስ ግን አዲሶቹም አይቆዩም። ስለዚህ ምልክቱ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው የወንዙ ክፍል እንደሚታይ መዝግቦ መንስኤውን መለየት ከሁሉም መቅደም አለበት።

ዓሦቹ ንጋት ላይ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ

በቀን ደኅና የነበሩ ዓሦች ንጋት ላይ እንዲህ ሲሆኑ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የኦክስጅን እጥረት ነው። የቤት ፍሳሽ፣ የከብት እበትና ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ አልጌን ያበዛሉ፤ አልጌው ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ቢያመነጭም ሌሊት ራሱ ይጠቀምበታል፣ ብስባሹን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎችም ይሻሙታል። በመሆኑም እኩለ ቀን ላይ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል፤ መለካት የሚገባው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ኦክስጅኑ በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ብዙ ዝርያዎች ይጨነቃሉ፣ ከ2 በታች ሲሆን ደግሞ በርካቶቹ ይሞታሉ። የውኃው ሙቀትም ችግሩን ያባብሰዋል፦ በባሕር ጠለል ከፍታ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ30 ዲግሪ የሚይዘው ከ8 ሚሊግራም ያነሰ ነው። መፍትሔው ፍሳሹን ወደ ወንዙ ሳይደርስ ማጣራት፣ በማሳውና በውኃው መካከል ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ ዳርቻ መተው፣ እንዲሁም ጥላ የሚሰጡ ዛፎችን መልሶ መትከል ነው።

ብዙ ዓሦች በአንድ ጊዜ ሞተው ይገኛሉ

በኦክስጅን እጥረት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትንሹም ትልቁም፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ ነፍሳትም ጭምር አብረው ከሞቱ መርዝ መጠርጠር አለበት። ውኃው ማስረጃውን ይዞ ስለሚሄድ ሳይዘገዩ ናሙና መውሰድ፣ ከዚያም በሕይወት ያሉ ዓሦች እስከሚታዩበት ድረስ ሽቅብ መጓዝ ይገባል፤ መርዙ የገባው አብዛኛውን ጊዜ በሙታኑና በሕያዋኑ ወሰን አቅራቢያ ነው። የሞቱት ዓሦች ለምግብ መዋል የለባቸውም።

ሞቱ ዝናብን ተከትሎ የሚደጋገም ከሆነ ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ መመርመር ተገቢ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ኮሆ የተባሉ ሳልሞኖች ከዝናብ በኋላ እንቁላል ሳይጥሉ ሲሞቱ ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም ነበር፤ በ2020 ተመራማሪዎች ገዳዩ ከመኪና ጎማ ብናኝ የሚመጣ ኬሚካል መሆኑን አሳወቁ። ጎርፉን በአፈርና በእፅዋት ውስጥ አሳልፎ ማጣራት ዓሦቹን ከሞት እንደሚያድን በሙከራ ታይቷል።

ትልልቆቹ አሉ፣ ጫጩት ግን አይታይም

ይህ ምልክት በቀላሉ ስለሚታለፍ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል፤ ዓሣ አለ ተብሎ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያረጁት ሲሞቱ ተተኪ አይኖርም። በጠጠር መካከል እንቁላል የሚጥሉ ዝርያዎች እንቁላላቸው እንዲፈለፈል በጠጠሩ ክፍተቶች ንጹሕ ውኃ መዝለቅ አለበት፤ ክፍተቱን ደለል ከደፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ከወንዙ ወለል ድንጋይ አንስቶ ማየት ይቻላል፦ ግማሽ አካሉ በጭቃ ከተቀበረ መንስኤው የተገኘ ይመስላል። ደለሉ የሚመጣው ከተራቆተ ዳርቻ፣ ከብቶች ከሚረግጡት መውረጃና ከአሸዋ ቁፋሮ በመሆኑ፣ ከብቶቹን በተወሰነ ቦታ ብቻ ማጠጣትና በእንቁላል መጣያው ላይ ቁፋሮን ማቆም ያስፈልጋል። ወለሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጫጩት ከሌለ ደግሞ ለመራባት ሽቅብ የሚጓዙት ዓሦች በመንገድ በመረብ እየተያዙ እንደሆነ ማጣራት፣ በመራቢያው ወቅትም ማጥመድን መከልከል ይገባል።

ዓሦቹ ከግድብ በታች ይከማቻሉ፣ ከበላዩ ግን የሉም

ትልቅ ግድብ ብቻ ሳይሆን አነስተኛ የውኃ መጥለፊያም፣ አፉ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የመንገድ ሥር ቱቦም ጉዞን ይዘጋል። አገልግሎት የማይሰጥ ግንብ ቢፈርስ ይመረጣል፤ በአሜሪካ በኤልዋ ወንዝ ላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ከፈረሱ በኋላ ሳልሞኖች ለመቶ ዓመት ገደማ ተዘግቶባቸው ወደነበረው የላይኛው ክፍል ተመልሰዋል። ማፍረስ ካልተቻለ የሚሠራው የዓሣ መተላለፊያ በቦታው ዝርያዎች የመዋኘት አቅም መለካት አለበት፤ በአውስትራሊያ ለሳልሞን በተነደፈው ዓይነት የተሠሩት ቀደምት መተላለፊያዎች ለሀገሬው ዓሦች አልበጁም።

ሆኖም እንቅፋቱን ከማንሳት በፊት ከታች ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለ ማረጋገጥ ግድ ይላል። በኒውዚላንድ ጋላክሲድ የተባሉ ትናንሽ ሀገር በቀል ዓሦች በብዙ ጅረቶች የተረፉት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገባውና እነርሱን የሚበላው ትራውት የተባለ መጤ ዓሣ ሊያልፈው ከማይችል ፏፏቴ በላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መንገዱን መክፈት የመጨረሻውን መጠለያ ለመጤው አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

መጤ ዝርያ ወንዙን ሞልቶታል

በሰፊ ወንዝ ውስጥ የተራባን መጤ ዓሣ ጨርሶ ማስወገድ እጅግ አዳጋች ነው። ሥራው ፍሬ የሚሰጠው በትናንሽ ጅረቶች፣ ከታች ዳግም መግባትን የሚከለክል ፏፏቴ ወይም ግንብ ሲኖር፣ ሀገር በቀሎቹም አስቀድመው ተለይተው ሲጠበቁ ነው። ጫጩት መጨመር የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ወላጆቻቸውም ከዚያው ወንዝ ወይም ከዚያው ተፋሰስ የተወሰዱ መሆን አለባቸው።