ሀሁን በዜማ ይወርደዋል፣ ማንበብ ግን አልሆነለትም?

ልጃችሁ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ካቃተው አስጠኚ ለመቅጠር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የት ጋ እንደጠፋበት እወቁ። አንድ ምሽት ይበቃችኋል።

የፊደል ገበታውን አውርዱና በመቀስ ቆራርጡት። አዎ፣ ቆራርጡት፣ ሌላ ይገዛል። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ልጆች ደግሞ ይሄን ሁሉ በዜማ ይሸመድዱታል፤ ጣታቸው ገበታው ላይ ይሄዳል፣ ዓይናቸው ውጪ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጋ ነው። የተቆረጠችውን «ሌ» ለብቻዋ አሳዩት። ከ«ለ» ተነስቶ በልቡ እየቆጠረ ከመጣ ዜማውን ነው የሚያውቀው፣ ፊደሏን አይደለም። እንዲህ እያያችሁ የሚያውቃቸውን አንድ ጋ፣ የማያውቃቸውን ሌላ ጋ አስቀምጡ። ሥራችሁ ከማያውቃቸው ጋር ነው።

ዜማውን ለመስበር ገበታውን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስነብቡት። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ፣ ኩ። «እነዚህ ምን ያመሳስላቸዋል?» በሉት። ወገባቸው ላይ ያለችውን ጭረት ራሱ ያገኛታል። ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ ላይ ደግሞ እግራቸው ስር ያለችውን ቀለበት። እንደ ሩ እና ፉ ያሉ ከመስመር የወጡ አሉ፣ እነሱን ለብቻ ይያዛቸው። ይሄ አንዴ ከገባው ሸክሙ በጣም ይቀልለታል።

ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ፣ ነ እና ኘ በአንድ ቀን አይምጡ። አንዷ ስትጸና ሌላዋ ትከተል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ላይ ደግሞ አትጨቃጨቁ፣ ትልቅ ሰውም ይሳሳትባቸዋል። አንብቦ ይለፋቸው፣ አጻጻፉ ይደርሳል።

ፊደሉ ሁሉ እስኪያልቅም አትጠብቁ። በሚያውቃቸው ብቻ ቃል ስሩለት፦ ቡና፣ ላም፣ ቤት። አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላቱ አይታይም፣ ስለዚህ «ገና» የሚለውን በዓሉን አስቦ ይሁን «ገና ነው» ለማለት ከዓረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው። እየጎተተ ካነበበ አታቋርጡት። ሲጨርስ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁትና ድጋሚ ያንብበው።

የድሬ ልጅ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለበት። ቤት ኦሮምኛ፣ ጎረቤት ሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ከላይ እንግሊዝኛ። ኤክስ የምትባለዋ የላቲን ፊደል በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው አጻጻፍ፣ «ጠ» ናት፣ በሶማልኛ ከጉሮሮ የምትወጣ «ሐ» ናት፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ክስ» ትላለች። አቦ፣ ልጁ ቢደናገር ምን ይገርማል! የሱቅ ታፔላ ስታስነብቡት መጀመሪያ «ይሄ በምን ቋንቋ ነው?» በሉት። ያነበበውን ግን በፈለገው ቋንቋ ይንገራችሁ። አማርኛው እንዲሻለው ብላችሁ የቤቱን ቋንቋ እንዳታስጥሉት፣ ተረት በደንብ የሚሰማ ልጅ ነው በኋላ ታሪክ አንብቦ የሚገባው።

ወደ ሒሳብ። ቆርኪ ሰብስቡ፣ ድሬ ውስጥ የለስላሳ ቆርኪ የሚጠፋበት መንገድ የለም። 10 ቆርኪ አስቀምጡ፣ የተወሰነውን በእጃችሁ ሸፍኑና «ስንት ተደበቀ?» በሉ። ሰባት ካየ ሦስት፣ ስድስት ካየ አራት ብሎ ሳይቆጥር እስኪመልስ ድረስ በየቀኑ ተጫወቱ። በጣቱ ቢቆጥር ተዉት። ነውር አይደለም።

ብዙ ልጅ የሚወድቀው ግን መበደር ላይ ነው። 32 ሲቀነስ 15 ስጡትና እዩ። «2 ላይ 5 አይቀነስም» ስለተባለ ገልብጦ 5 ላይ 2 ይቀንስና 23 ይላችኋል። ደጋግሞ ቢሠራው አይስተካከልም፣ ምክንያቱም 32 ውስጥ ያለችው 3 ለሱ ሦስት እንጂ ሠላሳ አይደለችም። አሥር አሥር ቆርኪ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሩ። ሦስት ፌስታልና ሁለት ነጠላ ስጡትና «15 መልስልኝ» በሉት። አምስት ነጠላ የለውም፣ ስለዚህ አንዱን ፌስታል ራሱ ይፈታዋል። አሁን 12 ነጠላ አለው፣ አምስት ሲሰጣችሁ 7 ይቀረዋል። ከሁለቱ ፌስታል አንዱን ሲሰጥ አንድ ይቀራል። 17። ደብተር ላይ የምትጻፈዋ ትንሽ 1 ምን እንደሆነች ያኔ ነው የሚገባው። ከዛ ቆርኪውን በአሥር ብርና በአንድ ብር ተኩት። ቀፊራ ገበያ ይዛችሁት ስትሄዱም ከሻጯ በፊት መልሱን እሱ ይናገር፦ የ35 ብር ገዝተን 50 ሰጠን፣ ስንት ይመለስልናል?

ሰዓቱን ምረጡ። ከምሳ በኋላ በዛ ሙቀት የማንም ጭንቅላት አይሠራም። 11 ሰዓት ገደማ ነፈስ ሲል ሩብ ሰዓት በቂ ነው፣ ግን በየቀኑ። አባትየው ከበርጫ እስኪነሳ አትጠብቁ፣ ታላቅ እህት ካለች እንዲያውም እሷ ትሻላለች። ዱላና «እከሌን አታይም?» ይቅር፣ የፈራ ልጅ የሚያውቀውንም ይረሳል።

ደብተሩን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ ወይም ሁሌ «እ?» የሚል ልጅ ከሆነ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ስድስት ሰባት ዓመት ላይ ፊደል ገልብጦ መጻፍ የተለመደ ነው። ወራት ሙሉ ሳታቋርጡ ሠርታችሁም ትናንት ያነበበው ቃል ዛሬ አዲስ ከሆነበት ግን ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ስንፍናም ድድብናም አይደለም፣ ከባለሙያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

መምህሩ ጋ ስትሄዱም «ልጄ እንዴት ነው?» አትበሉ፣ «ደህና ነው» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ያልለያቸውን ፊደላት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። «እነዚህ አስቸግረውታል፣ 32 ሲቀነስ 15 ደግሞ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ክፍል ውስጥስ?» በሏቸው። ከፊት እንዲያስቀምጡትም ጠይቁ።