ጠዋት የሚንቀጠቀጥ የድሮ ሞተር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሐረር ላይ ፔዦ 404 አሁንም እንጀራ ያበላል። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ሲመረት የነበረው ይህ መኪና ጠንካራ ነው፤ ጠዋት ግን ያስቸግራል። ይነሳል፣ በሶስት ሲሊንደር ይንቀጠቀጣል፣ ያስነጥሳል፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልነበረው ይሄዳል። ሹፌሩ ጋራዥ ሲደርስ ሞተሩ ሞቋል፣ ችግሩም የለም። መካኒኩ የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ክፍል) ብሎን ትንሽ ያዞርና ይሸኘዋል። በማግስቱ ያው ነው።

ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ይደር። በብርድ የሚመጣ ችግር የሚያዘው በብርድ ነው፤ በቀን አንድ ዕድል ብቻ ስላለ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ምን እንደሚታይ አስቀድማችሁ ወስኑ። ከታች ያለው ልክ የ404 ነው፤ አካሄዱ ግን ካርቡሬተርና ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳው ነጥብ) ላለው ማንኛውም የድሮ መኪና ይሠራል።

ከመነሳቱ በፊት

ባትሪውን ለኩ። አድሮ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው። ሞቶሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ቦቢናው (የባትሪውን ኃይል ለእሳቱ የሚያሳድገው መጠምጠሚያ) የሚበቃውን አያገኝም፣ እሳቱም ይደክማል። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ፈትታችሁ ሁለቱንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ።

የአየር ማጣሪያውን አንሱና ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ በባትሪ መብራት እያያችሁ ጋዙን አንዴ ርገጡት። ቤንዚን ቀጭን ሆኖ፣ ሳይቆራረጥ መርጨት አለበት። ካልረጨ ወይ የማፍጠኛው ፓምፕ ላስቲክ ደርቋል፣ ወይ ሳህኑ (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት) አድሮ ባዶ ሆኗል። ድሬዳዋ ላይ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፦ ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ወደ ካርቡሬተሩ ይወጣና ቤንዚኑን ያተናል። የቤንዚን ፓምፑ የእጅ ማንሻ ካለው ጥቂት ጊዜ ስቡት፤ ከዚያ በኋላ በደንብ ከተነሳ ሌላ ነገር አትንኩ።

ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን) ስቡና ማንሻው እስከ መጨረሻው መድረሱን በዓይናችሁ እዩ። ዳሽቦርድ ላይ ያለው እጀታ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ካርቡሬተሩ ጋ ያለው ማንሻ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ሽቦው ይለጠጣል፣ መያዣ ብሎኑም ይንሸራተታል። እጀታው ሲገፋ ደግሞ ሽቦው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ልል ይሁን፣ አለዚያ ቾኩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ተነስቶ ወደ ካርቡሬተር ካስነጠሰ

ይህ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ከቤንዚኑ ከፊሉ ሳይተን የመግቢያው ቱቦ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ቾክ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ቾኩን ትንሽ ጨመር ስታደርጉለት ከተረጋጋ ጥርጣሬው ተረጋገጠ፤ የቀረው ቤንዚኑ ለምን እንዳነሰ ወይም ትርፍ አየር ከየት እንደሚገባ ማግኘት ነው።

አየሩን ፈልጉ። የመርጫ ጠርሙስ ውሃ ሙሉና ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) እየሠራ ካርቡሬተሩ የተቀመጠበትን ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የኮሌክተሩን (የመግቢያውን ቱቦ) መጋጠሚያና የጋዙን ዘንግ ሁለት ጫፍ በየተራ ርጩ። የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ የተቀየረበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ ፑንቲናና የካንዴላ (የእሳት መፈንጠቂያ) ገመድ አጠገብ ይህን ማድረግ መኪናውን ማቃጠል ነው። የፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ሲረገጥ የሚያግዝ) ካለው ቱቦውን ነቅላችሁ በአውራ ጣት ድፈኑት፤ ሞተሩ ከተስተካከለ ቱቦው ወይም ሰርቮው ነው። የጋዙ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ከተጫወተ ካርቡሬተሩ ቡሽ ይፈልጋል፤ የሚኒሞ ብሎን ማዞር አያድነውም።

አየር ካልተገኘ ወደ ቤንዚኑ ሂዱ። ከካርቡሬተሩ ሳህን ጥቂት ወደ ብርጭቆ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ እንክብል ይሠራል። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ይህን ብዙ ጊዜ ያሳያል። ውሃው ሌሊቱን ሳህኑ ሥር ስለሚተኛ ጠዋት መጀመሪያ የሚሳበው እሱ ነው። ሳህኑን አጽዱ፣ የሚኒሞውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ጠባብ ቀዳዳ) በአየር ንፉ። በሽቦ አትውጉት፤ ነሐሱ ከሰፋ አይመለስም።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሳተ

በሚኒሞ ወጥ በሆነ ምት የሚመታ ሞተር አንድ ሲሊንደሩ ሞቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከተነሳ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በእያንዳንዱ የጭስ መውጫ ቅርንጫፍ ላይ ጠብታ ውሃ ማሳረፍ ነው። በሦስቱ ላይ ጠብታው ጭስስ ብሎ ይጠፋል፤ በአንዱ ላይ ዝም ብሎ ይፈሳል። ሞተሩ ከሞቀ ግን ይህ ምርመራ አይሠራም።

ፔዦ ላይ ቁጥር 1 ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል አይደለም፤ በቮላኖው (ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ትልቅ የብረት ክብ)፣ ማለትም በሹፌሩ በኩል ያለው ነው። ከላዳ ወይም ከፊያት የመጣ መካኒክ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው።

የሞተውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጡ። በቤንዚን ከራሰ እሳት አልደረሰውም። የ404 ካንዴላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ረጅም ማገናኛም አለው፤ ሞተሩ የታጠበ ቀን ውሃ፣ ከቫልቭ ክዳኑ ደግሞ ዘይት እዚያ ይገባል። እርጥበቱ እሳቱን ወደ ጎን ይመራዋል፣ ሲሞቅ ይደርቅና ችግሩ ይጠፋል። ጉድጓዱን በአየር ንፉ፣ ማገናኛውን አድርቁና ስንጥቅ ፈልጉበት። ከዚያ የካንዴላውን ክፍተት 0.6፣ የፑንቲናውን 0.4 ሚሊሜትር አድርጉ። የፑንቲናው ፊት ተቃጥሎ ከሰማያዊነት ጋር ጉድጓድና ጉብታ ከሠራ ኮንደንሰሩንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ያለዚያ አዲሱ ፑንቲናም ብዙ አይቆይም።

ካንዴላው በዘይት ከጨቀየና ከጭስ ማውጫው ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይቱ ሌሊት በቫልቭ ጋይዱ (የቫልቩ ዘንግ በሚንሸራተትበት ቱቦ) ወርዷል። ከሌሎቹ ይልቅ ታጥቦ የነጻ ከሆነ፣ ነጭ ጭስም ካለና ራዲያተሩ ውሃ የሚቀንስ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን ነው፤ ይህን ይዞ የደንገጎን ዳገት መውጣት ቴስታታውን ማጣመም ነው።

ቫልቭ፦ ብዙዎች የሚያልፉት

እሳቱም ቤንዚኑም ደህና ሆኖ ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ የሚስት ሲሊንደር ካለ የቫልቩን ክፍተት (በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን) ሳትለኩ ሌላ ነገር አትግዙ። የ404 ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ሲሞቅ ከብረቱ ዘንግ ይበልጥ ስለሚያድግ ክፍተቱ ይሰፋል። ስለዚህ ክፍተት ያጣ ቫልቭ በብርድ በደንብ አይዘጋም፣ ሲሞቅ ይዘጋል። ቫልቭና መቀመጫው እየተበሉ ሲሄዱ ክፍተቱ ስለሚጠብ ድምፅ አይሰማም። «ሞተሩ ዝም አለ» ተብሎ የሚመሰገነው ሞተር ብዙ ጊዜ ጭስ ማውጫ ቫልቩን እያቃጠለ ነው።

ልኩ በቀዝቃዛ ሞተር የመግቢያው ቫልቭ 0.10፣ የመውጫው 0.25 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ አንዱ ቫልቭ ሲከፈት ቀጥሎ የተጻፉትን ሁለቱን ለኩ፦

የ1 መውጫ ሙሉ ሲከፈት የ3 መግቢያና የ4 መውጫ
የ3 መውጫ ሲከፈት የ4 መግቢያና የ2 መውጫ
የ4 መውጫ ሲከፈት የ2 መግቢያና የ1 መውጫ
የ2 መውጫ ሲከፈት የ1 መግቢያና የ3 መውጫ

የመለኪያው ምላጭ ክፍተቱ ውስጥ እየተጎተተ ማለፍ አለበት። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ይዞራል።

ከዚህም በኋላ ካልዳነ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ፦ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ጋዙ እስከ ታች ተረግጦ። ሐረር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ የመለኪያው ቁጥርም በዚያው ልክ ከመጽሐፉ ያንሳል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ደህናውን ሞተር ለፋሻ (ለፒስተን ቀለበት) ማስፈታት በሰው ገንዘብ ላይ መፍረድ ነው። የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ከ15 በመቶ በላይ ልዩነት ሲኖር ነው። በደካማው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው።

አስር ደቂቃው ሃያ ከሆነ

ድሬዳዋ ላይ «ሞተር ያሞቃል» ተብሎ ተርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ያ መኪና ሐረር ሲገባ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት መሞቅ ያቅተዋል፤ ሹፌሩ ቾክ ስቦ ይሄዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ትርፉ ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሞተሩ እንደተነሳ የራዲያተሩን የላይ ቱቦ ዳስሱ። ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ ካለ ተርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ጤነኛ ከሆነ ቱቦው ቀዝቅዞ ይቆይና በአንዴ ይሞቃል። የ404 ፋን በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ነው፤ በብርድ ከፑሌጂያው ጋር እኩል የሚሽከረከር ከሆነ አንድ ሰው ቆልፎታል። መኪናው የሚያሞቀው ራዲያተሩ ስለተደፈነ ከሆነ ራዲያተሩ ይታጠብ፣ ተርሞስታቱም ይመለስ።

ካርቡሬተር በመጨረሻ

ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናቸው። በመካከላቸው አየሩ በ7 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ድሬዳዋ የተስተካከለ ካርቡሬተር ሐረር ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ሐረር የተስተካከለው ደግሞ ድሬ ወርዶ ጠዋት ያስነጥሳል። መኪናው የሚያድርበት ከተማ ላይ ይስተካከል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ፣ ቾኩም ከተመለሰ በኋላ የድብልቁን ብሎን እስኪነካ ቀስ ብላችሁ ዝጉና አንድ ዙር ተኩል መልሱ፤ ከዚያ በሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሞተሩ ፈጥኖና ለስልሶ የሚሠራበትን ቦታ ፈልጉ፣ ፍጥነቱንም በጋዙ ብሎን ቀንሱ። ብሎኑን ብታዞሩትም ድምፁ የማይለወጥ ከሆነ የሚኒሞው ጂግለር ደፍኗል ወይም ያልተገኘ የአየር ቀዳዳ አለ፤ ወደ ውሃው ጠርሙስ ተመለሱ።