በቅሎዋ ወለደች፦ እናታችሁን ከድምፅ ሌባ የምታድኑበት ዘዴ

ደብረ ብርሃን ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን እስክቀይርለት ቁጭ የሚል ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም። «ይሄ ኤአይ የሚሉት ምን ያደርገን ይሆን?» ይለኛል። ስለ ሮቦት እንጃ። መንዝ ገብስ የሚያጭድ ሮቦት በእኔ ዕድሜ የማይ አይመስለኝም። ኤአይ የሰው ድምፅ አስመስሎ የማውራቱ ነገር ግን ደጃችን ደርሷል፤ ለእናቴ ያስተማርኳትን ልንገራችሁ።

አምና አንድ ሰው መሐል ሜዳ ላለችው እናቴ ደወለ። «የልጅሽ ጓደኛ ነኝ። ጣርማበር ላይ መኪና ተገልብጦ ተጎድቷል። ለሕክምና 8,000 ብር ቶሎ ላኪ» አላት። ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ጎረቤት ሱቅ ሮጠች። ብር በቴሌብር የሚልክላት ባለሱቁ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ «እማማ፣ ለራሱ ደውለውለታል?» አላት። ስትደውል እኔ ምሳ እየበላሁ ነበር።

ያ ሰውዬ የእኔን ድምፅ እንኳ አልያዘም። ቢይዝስ ኖሮ? ማይክሮሶፍት በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ፕሮግራም የሰው ድምፅ ለመኮረጅ የ3 ሰከንድ ቅጂ ብቻ ይበቃው ነበር። ያኔ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተሩ አማርኛም ያወራል። «በቪዲዮ ካየሁትማ አልሸወድም» የሚልም አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አለቆቹን በቪዲዮ ስብሰባ ያየ መስሎት 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ልኳል። ስብሰባው ላይ እውነተኛው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ የቤት ቃል አውጡ፤ ብር የሚለምን ደዋይ የሚጠየቀው፣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ነው። ቃሉ ፌስቡክ ላይ የሌለ ይሁን። የልጅ ስም፣ የልደት ቀን፣ የደብሩ ስም አይሆንም፤ እሱን አገር ያውቀዋል። እኛ የመረጥነው ልጅ ሳለሁ የሞተ አንድ በሬ የሚጠራበትን ስም ነው። የትኛው በሬ እንደሆነ አልነግራችሁም። ቃሉን በቴክስት ወይም በቴሌግራም እንዳትልኩ። አገር ቤት ስትሄዱ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በቃል ንገሯቸው። ደዋዩ ቃሉን ረሳሁት ካለ ብር የለም። ልጅም ቢሆን።

ቀጥሎ ስልኩን ዘግቶ መልሶ መደወል ነው። ስክሪኑ ላይ የልጃችሁ ስም ቢወጣም እንኳ ዝጉት፤ የሚታየውን ቁጥር ማስመሰል ይቻላል። ከዚያ ራሳችሁ በያዛችሁት ቁጥር ደውሉ። እናቴ የያዘችው በተን ስልክ ስለሆነ የእኔን ቁጥር 2 ላይ አድርጌላታለሁ። ጫን ብላ ትይዘዋለች፣ ይደውላል። እኔ ባላነሳ ለእህቴ፣ እሷም ባታነሳ ለባለሱቁ። የቴሌብር የምስጢር ቁጥሩንማ ለማንም፣ ከድርጅቱ ነኝ ለሚልም ጭምር እንዳትሰጡ።

ሦስተኛውን ያገኘችው እናቴ ናት፤ እኔ ቴክኒሻኑ አላሰብኩትም። መንዝ ሰላምታ ረጅም ነው። እንዴት ከረምክ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የጎረቤቱ እግር፣ እያለ ይቀጥላል። ድሮ ካርድ ይበላል እያልኩ እቆጣት ነበር። አሁን ሳስበው ሌባ የሚጠላው ይህንኑ ነው። እሱ ጥድፊያ ይፈልጋል፤ «ቶሎ፣ አሁኑኑ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ነው ቋንቋው። ስለዚህ ሰላምታውን አታሳጥሩ። ደዋዩ ስለ ከብቱ ሲጠየቅ ከተቆጣ ነገሩ ተበላሽቷል።

በሰላምታው መሃል ደግሞ ወጥመድ ታስገባለች። «በቅሎዋ እኮ ወለደችልን» ትላለች። በቅሎ እንደማትወልድ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ የራሷ ልጅ ይስቃል። ማሽኑን የያዘው ሰው ግን ስለ ብሩ እየተጣደፈ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላል። ይህንን ዘዴ በሰንበቴ ላይ ለእኩዮቿ ሁሉ አስተምራለች። እናንተም ለየሰፈራችሁ የሚሆን ወጥመድ ፈልጉ፤ የእኛን አትቅዱ፣ ሌባም ያነባል።

አንድ ችግር አለው። ባለፈው ሳምንት ማታ ሱቅ ዘግቼ፣ ደክሞኝ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ደወልኩላት። ለበዓል እንደምመጣ ልነግራት ነበር። ስለ ገብሱ አወራች፣ ስለ ውርጩ አወራች፣ እኔ እህ እህ እላለሁ። «በቅሎዋም ወለደች» አለችኝ።

«እሰይ፣ ተመስገን» አልኳት።

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሦስቴ ደወልኩ፣ አላነሳችም። በመጨረሻ ባለሱቁ ደወለልኝና የበሬውን ስም ጠየቀኝ።