የአጥቢያችሁን ምእመናን ጸጋ እንዴት ለአገልግሎት ታሰማራላችሁ?

በጎጃም ገጠር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ቶሎ የሚታሰበው ገንዘብ ነው። መንገድ ዳር ጃንጥላ ይዘረጋል፣ አላፊ አግዳሚው ይለመናል። ቆርቆሮ የሚመታው አናጺ ግን እዚያው ቅጥር ውስጥ ቆሞ ያስቀድሳል፤ የጠየቀው የለም። አጥቢያ ከገንዘብ በፊት ሰው አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ጸጋው ልዩ ልዩ፣ መንፈሱ ግን አንድ መሆኑን ሲናገር ደጋግመን ሰምተናል። ወደ ሥራ የሚለወጠው እንዲህ ነው።

አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ፤ ሰበካ ጉባኤ አላችሁ። በደብረ ኤልያሱ ተወላጅ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ካህናትና ምእመናን አብረው እንዲመክሩ መንገዱን ከፍቷል።

ቀጥሎ ከቄሰ ገበዙ ጋር ቅጥሩን ዞራችሁ የጎደለውን በደብተር ጻፉ፦ የዛገ ቆርቆሮ፣ የፈረሰ አጥር፣ ያረጀ የመቅደስ መጋረጃ፣ ዝናብ የሚያስገባ የቆሎ ተማሪ ጎጆ። ዋሸራንና ዲማን የመሰሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች በያዘ አገር የተማሪው ጎጆ ከዝርዝሩ ግርጌ መውረድ የለበትም።

አስቸጋሪው ሥራ ማን ምን እንደሚችል ማወቅ ነው። በድምፅ ማጉያ «ሙያ ያላችሁ ተመዝገቡ» ማለት ከንቱ ድካም ነው። በእኛ አገር ሙያ በልብ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው እንኳ ሲጠየቅ «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል። ስለዚህ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ ጠይቁት። በሰንበቴው ጠበል ተቀምሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ «በመንደራችሁ በር ሲሰበር ማን ይጠራል? የታመመ ሲኖር ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? የተጣላ የሚያስታርቀውስ?» በሏቸው። ሰው የጎረቤቱን ሙያ ሳያፍር ይናገራል። አንድ ስም ከሁለት ከሦስት ሰው አፍ ስትሰሙ ጻፉትና ቤቱ ድረስ ሂዱ። እናቶችን ለብቻቸው ጠይቁ፤ አባወራዎች ባሉበት ብዙ አይናገሩም። ማስታረቅን፣ ሕመምተኛ መጠየቅን፣ ሐዘንተኛ ማጽናናትን ከግንበኝነት እኩል መዝግቡ።

ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። እንዲህ የኖረ ሰው ሳይጠሩት አይመጣም፤ ሲጠራም በክብር፣ ካህኑ ራሳቸው ቤቱ ሄደው መሆን አለበት። የመቅደሱን መጋረጃ የሚሸምነውን ሰው በሰንበቴው ጥግ ላይ አስቀምጦ ስለ ጸጋ መስበክ ከባድ በደል ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነው።

ሥራውን ስትሰጡ ቁርጥ አድርጋችሁ ስጡ። «አግዙን» ሳይሆን «ከትንሣኤ በፊት የምዕራቡን በር ይጠግኑልን» ይባል። ግንባታና ጥገና እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን።

ለመጀመሪያ ሥራ እኔ የምመርጠው ጧፍ ነው። ንብ የሚያነባው ሰም ያመጣል፣ እናቶች ጥጡን ይፈትላሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሰሙን አቅልጠው ፈትሉን ያለብሱታል። ሻማ ከሱቅ መግዛት እንደሚቀል አውቃለሁ። ግን አብረው ሠርተው የማያውቁ ሰዎች አንድ ምድጃ ዙሪያ የሚቀመጡበትን ቀን ያስቀራል። የሰሙን አያያዝ ከሚያውቅ ሰው ጎን ሁልጊዜ አንድ ወጣት ይመደብ፤ ሙያው ከአንድ ሰው ጋር እንዳይቀበር።

እምቢ ማለት የማይችለውን ሰው ጠብቁት። በየአጥቢያው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ አጥር ሲፈርስ እሱ፣ ደወል ሲበጠስ እሱ ይጠራል፣ የገዛ እርሻው ግን ዳዋ ይውጠዋል። ከዚያ ይሰለቻል፣ ይቀራል፣ ቀረ ተብሎም ይታማል። መድኃኒቱ በእጃችን ነው። ግንበኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ በሚውልበት ቀን ሌሎቹ ደቦ ወጥተው ማሳውን ይረሱለት፣ ይረሙለት። ማረስም ጸጋ ነው፤ ከደብተሩ ላይ ይጻፍ።

ለቆርቆሮና ለምስማር የሚወጣው ገንዘብ በደረሰኝ ይሁን፣ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነበብ።

ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ የሄዱትን ከመዝገቡ አትሰርዟቸው። ከስማቸው ጎን ስልካቸውን ጻፉ። መሐንዲሱም ነርሷም ለንግሥ ይመጣሉ፤ እንደ መጡ ግን ዝክርና ዘመድ ይሻማቸዋል። ስለዚህ ከበዓሉ አንድ ወር ቀድማችሁ ደውሉና የሚጠብቃቸውን ሥራ ንገሯቸው፤ መሐንዲሱ ከበዓሉ ማግስት የሚያየውን ግድግዳ፣ ነርሷ የትኞቹን አረጋውያን ቤታቸው ሄዳ እንደምታይ ይወቁ። ሜትሩንም የደም ግፊት መለኪያውንም ይዘው ይመጣሉ።