ፊልትሮው ከነጣ ጠርጥሩ፦ የናፍጣ ፒክአፕ የአየር መሳቢያ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ለሚውል ሰው ጥቁር ጭስ ብርቅ አይደለም። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ፣ ጭነት ይዞ ጣርማበርን የሚወጣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው ፒክአፕ ትንሽ ቢያጨስ አልፈርድበትም። የምፈርደው ጭሱን አይቶ ወዲያው ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨውን) በሚያስፈታው ሰው ላይ ነው። መጀመሪያ አየሩ ይታይ። የናፍጣው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዘይት መለካት፣ የአየር ፊልትሮ አውጥቶ ማየት፣ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ ብዬ እቀጥላለሁ።

ጥቁር ጭስና ዳገት ላይ መድከም

ፊልትሮው ከታፈነ ቀይሩት፣ አለቀ። በታኅሣሥና በጥር ግን የፊልትሮውን ሳጥን መሳቢያ አፍም እዩ። የአውድማ ሰሞን ስለሆነ እብቅና ገለባ ተጠቅጥቆበት አገኛለሁ። አፉ ከተደፈነ አዲስ ፊልትሮ ምን ይሠራል?

ጉልበቱ የሚጠፋው ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ሰው ነዳጅ ይርገጥላችሁና እናንተ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ተመልከቱ። ጥርሱን እንደጨረሰ ሽማግሌ ጉንጩ ወደ ውስጥ ከገባ ርካሽ ጎማ ነው። ሲሞቅ ይልማል፣ ሞተሩ ሲስበው ይጣበቃል። መጠገን አይቻልም፤ ይቀየራል።

ጭስና ፉጨት አብረው

ቱርቦ ያለው ከሆነ፣ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያበርደው)፣ ከዚያም እስከ ሞተሩ ያሉትን መገጣጠሚያዎች ዳብሱ። ዘይት ያላበውና አቧራ የለጠፈበት ቦታ ነው የሚያፏጨው። ፋሼታው (ቱቦውን የሚያስረው የብረት ቀለበት) ላልቶ ወይም ጎማው ተቀዶ ይሆናል።

ዘይት ይበላል፣ የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ይተነፍሳል

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄኛው ነው። ጠዋት አልነሳ ማለቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ በጥቅምት ውርጭ ካንዴላው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቀው) ከደከመ ማንኛውም ናፍጣ መኪና ያስቸግራል። ዘይት እየበላ፣ ሰማያዊ እያጨሰ፣ ክዳኑ ሲከፈት እንደ ጀበና የሚተነፍስ ከሆነ ግን ሞተሩ አቧራ ጠጥቷል። አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ሞረድ ነው። የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ፋሻ ይሞርዳል።

አንዲት እትዬ ከመንዝ ገብስና በግ የምታመላልስበትን ፒክአፕ ይዛ መጣች። ሹፌሩ የእህቷ ልጅ ነው። «ልጄ፣ ይሄ መኪና ዘይት እንደ ጠላ ይጠጣል» አለችኝ። ልጁ ፈጠን ብሎ «ፊልትሮ በየጊዜው ነው የምቀይረው፤ ከፈለግህ እየው» አለ። አየሁት። እውነቱን ነው፤ እንደ ነጠላ ነጭ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ከጠጠር መንገድ የመጣ መኪና ፊልትሮው ሊነጣ አይችልም። ከነጣ አየሩ በሌላ በር እየገባ ነው።

ቱቦውን ፈትቼ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ቡና መሰለ፤ በጣቴ ሳሸው ይኮሰኩሳል። ከላይ ሲያዩት ቱቦው ምንም የለውም። እንዲያውም አጣቢ በናፍጣ ወልውሎት ያበራል። (ጎማ በናፍጣ አይወለወልም። ያብጣል፣ ይልማል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ስንቴ ይነገር?) በእጄ ገልብጬ ሳጥፈው እጥፋቱ ሥር የግማሽ መዳፍ ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ሁልጊዜ እዚያ ነው፤ ከታች፣ እጥፋቱ ጉድጓድ ውስጥ። ኮፈን ከፍቶ ከላይ የሚያይ ሰው አያየውም።

ቀየርኩላት። በሦስተኛው ወር መጣች። ያው ቦታ፣ ያው ስንጥቅ። ዕቃ ሻጩን ልረግም ስል ልጁ ሞተሩን አጠፋው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘለለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ በአንድ በኩል ተገንጥሏል። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የፊልትሮው ሳጥን ከመኪናው አካል ጋር ታስሯል፣ ሞተሩ ግን በራሱ ይወዛወዛል፣ ቱቦው መሃል ላይ ሆኖ በተነሳና በጠፋ ቁጥር ይጎተታል። የሞተሩን ጎማ ሳይቀይሩ ቱቦ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አላየኸውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሁለተኛውን ሥራ የእጅ ዋጋ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወዲህ ቱቦ ከመፍታቴ በፊት ሞተሩን አስነስቼ አጠፋለሁ፣ ሲወዛወዝ አየዋለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስንጥቁ ሲገኝ ሁሉም ጥገና ያምረዋል። ስኮች፣ ሱፐር ግሉ፣ የካላማዳሪ ቁራጭ በሽቦ የታሰረ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አንዱ ፌስታል ጠምጥሞበት መጥቷል። እርጥብና ዘይታም ጎማ ላይ የሚይዝ ማጣበቂያ የለም። ሲሊከን ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ከውስጥ የፈሰሰው ደርቆ ይላጥና ወደ ቱርቦው ይሳባል። ቱርቦ የጎማ ፍርፋሪ አያኝክም።

አገጣጠሙ

ከመፍታታችሁ በፊት አካባቢውን እጠቡ ወይም ጥረጉ። ቱቦው እንደወጣ የሞተሩን አፍ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ። የሳጥኑን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በኮምፕረሰር አትንፉት፤ አቧራው ወደማትፈልጉት ወገን ይሄዳል። ሳጥኑ ሥር ያለውን አቧራ የሚተፋውን ላስቲክ በጣታችሁ ጨመቅ አድርጉት። ከደረቀ ወይም ከጠፋ ይተካ።

አዲሱን ቱቦ ከአሮጌው ጎን አስቀምጡት። ርዝመቱ በጣት ስፋት ካነሰ መልሱት፤ ጎትቶ የተገጠመ ቱቦ ዓመት አይሞላም። ብረቱ ጫፍ ላይ ያለውን እብጠት አልፎ እስከ መጨረሻው ይግባ። ፋሼታው ከእብጠቱ ጀርባ ይቀመጣል። ጎማው በፋሼታው ዳርና ዳር ትንሽ እስኪነሳ አጥብቁ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን አስቀምጡ። «ይጠንክር» እያሉ ጎማውን የሚቆርጡት ሰዎች ናቸው ተመልሰው የሚመጡት።

ፊልትሮው ላይም ልናገር። ገበያው በማይረባ ዕቃ ተሞልቷል። ዳርቻው ላይ ያለው ላስቲክ እንደ አጥንት የደረቀ ፊልትሮ በእኛ ብርድ አይገጥምም፤ በጎኑ ያሳልፋል። ገጥማችሁ፣ ዘግታችሁ፣ መልሳችሁ አውጡት። ሳጥኑ የላስቲኩ ዙሪያ ላይ ያለማቋረጥ አሻራ መተው አለበት። የሆነ ቦታ ላይ አሻራው ከጠፋ በዚያ አቧራ ይገባል። የሳጥኑ ክሊፕ ተሰብሮ በሲባጎ የታሰረውም እንደዚያው ነው።

ስትጨርሱ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን የቱቦውን ውስጥ ስስ ግሪስ ቀቡ፣ በጠጠር መንገድ ትንሽ ንዱት፣ ፈትታችሁ እዩ። ግሪሱ ንጹህ ከሆነ ደህና ነው። አቧራ ከያዘ ገና አልጨረሳችሁም። ግሪሱን ጠርጋችሁ አውጡት።

ተጠንቀቁ፦ የወረቀት ፊልትሮ በናፍጣ ወይም በቤንዚን አይታጠብም። ናፍጣ ሞተር በአየር መሳቢያው የገባለትን ነዳጅ ያቃጥላል፤ ቁልፍ ብታጠፉም ሳይቆም ሊጮህ ይችላል። በኮምፕረሰር ከውጭ ወደ ውስጥ አይነፋም። «ለሙከራ» ተብሎ ያለ ፊልትሮ አይነዳም፣ ለአንድ ኪሎ ሜትርም ቢሆን።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

የዳሽቦርድ መብራት ከሥራው በኋላ ከበራ፣ የአየር መለኪያው ሴንሰር ሶኬት ሳይሰካ ቀርቷል።

አይጥ ሳጥኑ ውስጥ ልትወልድ ትችላለች፤ አይቻለሁ።

ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ድንገት ጸጥ ካለ ቁልፍ እንዳትነኩ። ውሃ አይጨመቅም፤ ድጋሚ ካስነሳችሁት ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ብረት) ይታጠፋል። ጎትታችሁ አምጡት።

ከሥራው በኋላ መኪናው ነፍሱ ያጠረ ከመሰለ ደግሞ አፉን የሸፈናችሁበትን ጨርቅ ፈልጉ። እኔ አንድ ጊዜ ፊልትሮ ሳጥን ውስጥ የራሴን ፎጣ አግኝቻለሁ። አሁን ሁለት ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው የምጠቀመው። ኮፈን የምዘጋው ሁለቱም እጄ ላይ ሲሆኑ ነው።